ደረቴ ያልኩት ደረትህ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን የምጽፍልህ ከሆስፒታል ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል። ነገ ጠዋት ሆዴን ይከፍቱታል። ማህፀኔ አጠገብ ዕጢ በቅሏል። አልትራሳውንድ ያነሳችኝ ልጅ «የሕፃን ራስ ያህላል» አለችና ወዲያው የተናገረችው ነገር ከነከናት፤ ወልጄ እንደማላውቅ ቀደም ብላ ጠይቃኝ ነበር። ክፉ ይሁን ደግ፣ ከፍተው ካላዩት አናውቅም ብለዋል።

መልስ አልጠብቅም። በሕይወት እያለህም በዚህ ጉዳይ መልስ ሰጥተኸኝ አታውቅም። ከዚህ አንጻር ሞትህ በመካከላችን ብዙ የለወጠው ነገር የለም።

አሁን ከቀትር በኋላ ነው፤ የጠያቂ ሰዓት። በየአልጋው አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እህት፣ ልጅ፣ ምራት፣ ጎረቤት። ቅድም ወደ መጸዳጃ ስሄድ በወንዶቹ ክፍል በር አለፍኩ። እዚያም በየአልጋው አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። አንዱን ሰውዬ ሚስቱ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። እሱ አፉን ለሷ ሰጥቶ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሏል። ነርሷ መጣች።

«እንዴት አደረ?»

«አላስተኛውም» አለች ሚስቱ።

«ያመዋል?»

«እሱ አያመኝም ይላል። ግን ያመዋል።»

ነርሷ ጻፈች። ሰውዬው ግድግዳውን እንዳየ ቀረ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆምኩ፤ አስታማሚዋ ቀና ብላ «ምን ፈለግሽ እህቴ?» እስክትለኝ ድረስ።

ምን እንደፈለግሁ ልንገርህ ነው።

ያ ቶርኖ ቤታችሁ፣ ብረት ስታሽከረክሩና ስትልጉ የምትውሉበት ያ ጨለማ ቤት፣ አንድ ልማድ ነበረው። አንተ ነህ የፈጠርከው። ቀጭኑ በያጅ ኩላሊቱን ታሞ ሐኪም ቤት ሰነበተና ወደ ሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኸው። አሮጌ ቱታ እንደ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አደረግህበትና ድምፅህን አቅጥነህ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ወንድ ነው ሴት?» አልከው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ አልከኝ። አንዱ ከሻይ ቤት ወተት አዘዘለት፤ አንዱ «ብርድ እንዳይመታት በሩን ዝጉ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የበያጁ ስም «አራስ» ሆኖ ቀረ። ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ሲመለስ ቱታው ይጠብቀው ጀመር። ማታ ስታወራልኝ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። እኔም ሳቅኩ። አራስ ሆኜ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ቀልዱ እኔ ጋ የሚደርስ አልመሰለኝም።

«ከአራስነት ሞት ይሻላል» ይል ነበር ብሎን። ከጎንህ ባለው ማሽን ላይ የሚሠራው፣ አጭሩ፣ ጥቅጥቅ ያለው ጓደኛህ። አንዴ ከገባ አይፈታም ብለህ ስሙን ያወጣኸውም አንተ ነህ። ስም በማውጣትማ ማን ብሎህ።

እኛ ዩኒፎርም ሰፊዎቹ ጋ ደግሞ ሕመም የምሳ ሰዓት ወሬ ነው። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ጡቷን፣ አንዷ የወር አበባዋን። «ያንቺስ ቀላል ነው፣ የኔን ብታዪ» እንባባላለን። ሐኪም ቤት ሄዳ የመጣችውን ከብበን እናናዝዛታለን። ከዚያ ሁላችንም ወደየማሽናችን እንመለሳለን፤ ያመማትም ትመለሳለች። እናንተ ጋ ሕመም ነውር ነበር፣ እኛ ጋ ወሬ። የዳነ ሰው ግን ከሁለቱም ቤት ብዙ አላየሁም።

መጀመሪያ ሳል ነበር። ታስታውሳለህ?

«ስሚ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሳል ይዞኛል በያቸው።»

«እኔን አልያዘኝም።»

«እኔን ይዞኛል። ምን ለውጥ አለው? ሳል ሳል ነው።»

ከዚያ በፊት እውነቱን ለመንገር ሞክሬ ነበር። «ባሌን ያመዋል» ብዬው ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና «ይምጣዋ» አለኝ። ስነግርህ ተቆጣህ። «እኔን በየሐኪም ቤቱ አታሳጪኝ» አልክ፤ የሰረቅህ ይመስል። ስለዚህ ሄድኩና ሳልኩላቸው። ሽሮፕ ሰጡኝ። ጠጥተህ ተሻለህ። ቀጥሎ ቃር መጣ፤ እሱንም ወሰድኩልህ፤ ክኒኑ ሠራ። ከዚያ በእግርህ ጣቶች መካከል የወጣው ቁስል። ሐኪሙ «እስቲ ጫማሽን አውልቂ» ሲለኝ «ዛሬስ ተሽሎኛል» ብዬ እግሬን ወንበር ሥር ደበቅኩ። ሽንትህ እየተቆራረጠ ሲያስቸግርህም እኔው ሄድኩ። ለሴት የሚታዘዝ መድኃኒት አዘዙ፤ አንተም ዋጥከው። ያን ቀን አብረን ሳቅን፤ አልጋው እስኪነቃነቅ።

የምሬን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ሰውነትህ እንደዚያ የምትነግረኝ በሌላ ጊዜ አልነበረም። የት እንደሚያቃጥልህ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሲጫኑት ምን እንደሚል። መብራቱን ታጠፋና በጨለማው ውስጥ ቀስ ብለህ ታስጠናኛለህ። ሌሎች ባልና ሚስት በፍቅር የሚነጋገሩትን እኛ በዚህ ተነጋገርን። ይህ ትንሽ ነገር ነው? እኔ ትንሽ አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ ደረትህ መጣ።

«ይወጋኛል አትበይው። መውጋት ሌላ ነው። ይጫነኛል በይው።»

«ምን ያህል?»

«ሰው የተቀመጠብሽ ያህል። ወፍራም ሰው።»

«ወፍራም ሰው ተቀምጦብኛል ልበለው?»

«አትቀልጂ። ዕቃ ሳነሳ ነው የሚብሰው። ሲለቀኝ ላብ በላብ እሆናለሁ። ክንዴም ይደነዝዛል። የትኛው ነው ያልኩሽ?»

«ግራህ።»

«ግራሽ በይ እንጂ! ተምታታብሽ እኮ። አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው ነገርኩህ። ደረቴን፣ ክንዴን፣ ላቤን። ሦስተኛው ላይ ካንተ በተሻለ ተናገርኩት። «ጎበዝ» አልከኝና ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተኛህ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እያስጠናኸኝ ሳለህ ድምፅህ አንድ ጊዜ እንደተሰበረ ሰምቼ ነበር። አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ታስነጥሳለህ፣ ወይም ውኃ አምጪ ትለኛለህ።

ሐኪሙ እንደዚያ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። ሸሚዜን አስወልቆ ደረቴ ላይ ሽቦ በሽቦ አደረገኝ። ማሽኑ መስመር የተሠመረበት ወረቀት እየተፋ ሲያወጣ ጣሪያውን እያየሁ እጸልይ ነበር፤ ምን ብዬ መሰለህ? በሽታው እንዲገኝብኝ። ጤነኛ ሴት አልጋ ላይ ተዘርግታ «አምላኬ፣ የሱ በሽታ በኔ ላይ ይታይ» እያለች።

«እናቴ፣ ልብሽ እንደ አዲስ ሞተር ነው» አለ ሐኪሙ ወረቀቱን እያጣጠፈ። «ቤት ውስጥ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

ምን ልበለው? የሚያስጨንቀኝ በር ላይ አጥር ተደግፎ እየጠበቀኝ ነው ልበለው? የጭንቀት ክኒን አዘዘልኝ።

ስወጣ ሮጠህ መጣህ።

«እህስ?»

«የኔ ልብ ጤነኛ ነው።»

«ይኸው! ምን አልኩሽ!»

«የታየው የኔ ነው እኮ። ሽቦው የነበረው የኔ ደረት ላይ ነው።»

«የነገርሽው የኔን አይደል? ሰምቶ ምንም የለም ካለ ምንም የለም ማለት ነው። ባለሙያ በጆሮው ያውቃል፤ ሽቦው ለጌጥ ነው።»

ለመንኩህ። ጉልበትህን ይዤ አልለመንኩህም ይሆናል፤ ግን ለመንኩህ። ሳህን እያጠብኩ፣ ሸሚዝህን እየተኮስኩ፣ አውቶቡስ እየጠበቅን። «አንዴ ብቻ ራስህ ሂድ።» አንተም «ሄጄ አራስ ልባል?» ትላለህ። ከዚያ ለኔ የታዘዘውን የጭንቀት ክኒን ጠዋትና ማታ ትውጣለህ። ተረጋግተህ ሞትክ።

ግን ወደ ሞትህ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር አለ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን እኔንም ያመኝ ጀምሮ ነበር። የኔ፣ የራሴ ሕመም። ከእምብርቴ በታች። መጀመሪያ ጥጋብ ይመስል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ እጠግባለሁ። ከዚያ ቀሚሴ ጠበበኝ። ስፌት ቤት «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ!» ብለው ቀለዱብኝ። ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ገና ፊቱ ላይ አየሁት፤ ያ «ደግሞ መጣች» የሚለው ፊት። ብዕሩን እንኳ አላነሳም።

«ባለፈው ልብ ነበር እናቴ። አሁን ወደ ሆድ ወረደ?»

ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሳሌን ሲያዳምጥ ሳል አላገኘ፣ እግሬን ሲጠይቅ እግሬ ድኗል፣ ልቤን ሲፈትሽ ልቤ አዲስ ሞተር ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ያቺን ሴትዮ አምናት ነበር? የጋዝ መድኃኒት ሰጠኝ። ያንተን በሽታ ስሸከም እምነቴን ጨርሻለሁ፤ ለራሴ የሚሆን አልተረፈኝም።

ማታ ነገርኩህ። ዜና እያየህ ነበር። ዞር ሳትል ምን አልከኝ?

«አንቺ ደግሞ ሐኪም ቤት መመላለስ ለመደብሽ።»

ቆሜ አየሁህ። ልትቀልድ መስሎኝ ፈገግታህን ጠበቅሁ። አልቀለድክም። ረስተኸው ነበር። ስለማን ስመላለስ እንደኖርኩ ከልብህ ረስተኸው ነበር። ካንተ አንደበት የወጣውን ሕመም ሁሉ እኔ ላይ ትተኸው ሄደህ፣ ተመልሰህ ስታየኝ የበሽታ ወዳድ ሴት ሆኜ አገኘኸኝ።

ሻዩን አቀረብኩልህ። ስኳሩን አማሰልኩልህ። ይህንን ነው ይቅር ያላልኩህ፤ ሌላውን እንጃ።

የሞትክ ዕለት ቤታችን የሞላው ወንድ ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። «አንድ ቀን ታምሞ አያውቅም።» «አልጋ ሳይዝ፣ እንደ ወንድ፣ ቆሞ ሄደ።» «ራስ ምታት እንኳ አላውቅበትም።» እኔ ጥግ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጌ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሳልህን፣ ቃርህን፣ የእግርህን ቁስል፣ የሽንትህን መቆራረጥ፣ የክንድህን መደንዘዝ በልቤ እደረድራለሁ። ብድግ ብዬ አንድ በአንድ ልጠራላቸው አሰኝቶኝ ነበር። አራስ ብቻ አላወራም። ያ ኩላሊቱን የታከመው በያጅ ከሁሉም ይልቅ ደህና ይመስል ነበር፤ ሬሳህን ሲሸከም እንኳ ትንፋሹ አልተቆራረጠም።

ከዚያ በኋላ ቀሚሴ ጨርሶ አልዘጋ አለ። ቁልፉን ፈትቼ ወደ ዳር አሻግሬ ተከልኩት፤ ቁልፍ መትከል ሥራዬ ነው። እንደገና ፈትቼ እንደገና አሻገርኩት። ማሻገሪያ ሲጠፋ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ።

«ሐዘን ነው» አለኝ። «ሐዘን ሆድ ይነፋል። ጊዜ ይፈታዋል።»

ይህን ነው አንድ ቀን መንገድ ላይ ላገኘሁት ለብሎን የነገርኩት። ምን አስነገረኝ? እንጃ። «እንዴት ነሽ እታለም?» ሲለኝ «ደህና» ማለት አቃተኝ። እሱም ትንሽ ፂሙን አከከና «እኔ አብሬሽ ልግባ። ወንድ ሲኖር ይሰማል» አለኝ።

ብሎንን መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ብታየው! ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዷል። አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ቀብሯል። አጠገባችን ለሚቀመጥ ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ «እኔ ደህና ነኝ፤ እሷን ላሳክም ነው» ይላል። አንዲት አሮጊት «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ደህና መሆንህን ሰምተናል፤ አሁን ዝም በል» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመና ወለሉን እያየ ነገረኝ። አንተ ስትሞት የሆነውን።

ማሽንህ ላይ ደገፍ አልክ አለኝ። ግንባርህን ብረቱ ላይ አሳረፍክ። ብሎን አየህ። «አራሷ ደከማት!» ብሎ ጮኸ። ቱታውን አምጥቶ ትከሻህ ላይ ጣለ። ሌሎቹም መጡ። «ምጥ ጀመራት!» «ወንድ ነው ሴት?» «አዋላጅ ጥሩ!» ጎንህን ኮረኮሩህ። አንተም ዝም ስላልክ ይበልጥ ሳቁ፤ ቀልዱን የምታደምቀው አንተ ነሃ። የቀልዱ ጌታ። ቱታው ሲንሸራተት ነው አብረኸው የወረድከው።

«ስንት ሳቅን መሰለሽ» አለኝ ብሎን። «አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ሳቅን።»

ስሜ ተጠራ።

ሐኪሙ ፊት እኔ ከመቀመጤ ብሎን ቆሞ ጀመረ። «ዶክተር፣ ይቺ ሴት አትዋሽም። ሆዷ ያብጣል። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትጠግባለች። ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል። ሰውነቷ ደግሞ እየከሳ ነው፤ ሆዷ ብቻ ነው የሚያድገው።» መንገድ ላይ የነገርኩት ነው፤ ቃል በቃል። ለዚህ ለሐኪም ደግሞ ከዓመት በላይ ስነግረው የኖርኩት ነው፤ ቃል በቃል። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ብሎን አዞረ። ብዕሩን አነሳ። ጻፈ። አልጋው ላይ አስወጥቶ ሆዴን ዳሰሰኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጁም አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?» አለ። ወደ ብሎን እያየ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ተኝቼ፣ ቀሚሴ ተገልጦ።

«ዶክተር፣ ያ ደረት የኔ አልነበረም።»

«የቱ ደረት?»

«የነገርኩህ። የሚጫነው። ሳሉም፣ እግሩም። የባሌ ነው። ይሄኛው ብቻ ነው የኔ።»

እጁን ከሆዴ ላይ አነሳ። «እና አሁን ባልሽ የት ነው?»

«ሞቷል።»

«በምን?»

«በደረቱ።»

መነጽሩን አወለቀ። የሚያዝንልኝ መስሎኝ ነበር። ጆሮው ቀላ። «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትዋሺያለሽ? እውነቱን ብትነግሪኝ እኮ አድነው ነበር!»

«ነግሬህ ነበር። ይምጣ አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?»

አላመጣሽውም። እንደ ጃንጥላ። አንተ ስድሳ ዓመት ሊሞላህ የደረስክ ሰው፣ ሁለት እግር ያለህ፣ በየቀኑ በጤና ጣቢያው በር ላይ ወደ ሥራ የምታልፍ፣ እኔ ያላመጣሁህ ዕቃ ሆንክ። ብሎንን አየሁት። አንድ ቃል እንዲናገር ፈለግሁ። ወንድ ሲኖር ይሰማል ያለው እሱ ነው። ቆቡን በሁለት እጁ ያሽከረክር ነበር። ሐኪሙም ተናደደብኝ እንጂ በራሱ አልተናደደም፣ ባንተም አልተናደደም። ሙት አይወቀስ ይባል የለ። ለመወቀስ ሁልጊዜ የምትገኘው ሴትዮ እዚያው አልጋው ላይ ተዘርግታለች።

አልትራሳውንዱን የጻፈልኝ ግን ያን ቀን ነው። እውነቱ ነው፣ በብሎን ነው የተገኘው። ይህንንም ማመስገን አለብኝ መሰለኝ።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ብሎን ደረጃው መሃል ላይ ቆመ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«እታለም።»

«እ?»

«ሆስፒታል ስትገቢ… እዚያ ያሉት መቼም ትልልቆቹ ናቸው።»

«ይመስለኛል።»

«እግረ መንገድሽን ጠይቂልኝ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ጋ ይይዘኛል። ዳገት ስወጣ። አንገቴ ድረስ ይመጣል።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ያው እንደ በፊቱ። እኔን አለኝ በያቸው።»

ሳቄ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ሳቅኩ፤ ሆዴን ይዤ፣ እያመመኝ። አላፊ አግዳሚው ያየናል። እሱም ግራ ገብቶት ፈገግ አለ፤ ቀልድ ያመለጠው መስሎት። ሳቄ ሲያልቅ እንዲህ አልኩት፤

«አልጠይቅልህም። አብሬህ እገባለሁ። እንደተቀመጥክልኝ እቀመጥልሃለሁ። አፍህን ግን አንተ ትከፍታለህ።»

«ምን ብዬ?»

«አሁን ለኔ እንዳልከው።»

በመጨረሻ «እሺ» አለ። «አንቺ በምትተኚበት ቀን። እግረ መንገዴን።»

ያ ቀን ዛሬ ነው። ጠዋት መጣ፤ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። ከሆስፒታሉ ግቢ በር እስከ ካርድ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ፤ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ዛፉን እያየ። አየሁት፤ እንዳየሁትም አየ። ካርድ መስኮቱ ጋ ደረስን። ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ታማሚው ማን ነው?»

ብሎን ወደኔ አየ። እኔ ካርዴን በእጄ ይዣለሁ፤ ከሱ ሌላ የሚናገር የለም። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። ልጅቷ «ታማሚው ማን ነው አባቴ?» ብላ ደገመች።

መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር፤ ስሙም፣ ዳገቱም፣ አንገቱም። ለብዙ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ ማንም ከኔ የተሻለ አይሠራውም። ጥርሴን ነከስኩ።

«እኔ… እኔ እሷን ላስገባ ነው» አለ ብሎን። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ሲጋራ ላጭስና መጣሁ።»

በመስታወቱ ወደ በሩ ሲሄድ አየሁት፤ እጁ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። አልተከተልኩትም። አልጠራሁትም። ካሁን በኋላ የሚሆነውን ነገር ሁሉ አስቤ፣ አውቄ፣ አልተከተልኩትም። ትክክል ነኝ ብዬ አይደለም። እግሬ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበቃው። ሲጋራው እስካሁን አላለቀም።

ላይ ስደርስ ነርሷ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዛ መጣች።

«ማን ነው የሚፈርምልሽ? ባለቤትሽ የት አለ?»

«ሞቷል።»

«ወንድም? ልጅ?»

«የለኝም።»

ብዕሩን እንደያዘች አየችኝ። ዕድሜዋ ትንሽ ነው፤ አዘነችልኝ፤ ዛሬ ያዘነልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«እንዴ፣ ሰው የለሽም?»

«አለሁ» አልኳት።

ብዕሩን ተቀብያት ፈረምኩ።

ደህና ሁን አልልህም፤ ያንን እንድትሆን ስለምንህ እንቢ ብለህ ነው የሄድከው። ነገ ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍልህም፤ ለራሴ የምጽፈው ብዙ ነገር ይኖረኛል። ካልወጣሁም እንገናኝ ይሆናል፤ ያኔ ግን መጀመሪያ አንተ ትናገራለህ።

ሚስትህ የነበርኩት